ማንኪያው የነካውና ያልነካው፦ ልጃችን ምግብ ሲጀምር የያዝኩት ማስታወሻ

ማሙሽ 6 ወር ሞልቶት ምግብ ከጀመረ ገና አንድ ሳምንቱ ነው። በዚህ አንድ ሳምንት የወጥ ቤቱ ቆሻሻ መጣያ ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ይሞላ ጀመር። ትናንት ማታ ከረጢቱን ላስር ስል ውስጡን አየሁት። ከላይ የቀቀልኩት ዱባ አለ። ከሥሩ የጠቆረ ግማሽ አቮካዶ። ከዚያ በታች ጠዋት በእንቅልፍ ዓይኔ ተነስቼ የፈጨሁት ካሮት። ልጁ ከዚህ ሁሉ የቀመሰው ምናልባት አምስት ማንኪያ ነው። በጣም ቆጨኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር ወሰንኩ። ለስምንት ሳምንት ከልጄ ምግብ የሚባክነውን ሁሉ እየመዘንኩ እጽፋለሁ። የት ላይ እንደሚባክን ሳላውቅ ምኑን አስተካክላለሁ? በየቀኑ ግን አልጽፍም፤ የምለው ሲኖረኝ ብቻ ነው።

ቀን 1

የወጥ ቤቱን ሚዛን አውርጄ መጣያው አጠገብ አስቀመጥኩት። ጎኑ ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ አለ። ከማሙሽ ምግብ የሚጣል ነገር ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይገባል፣ ይመዘናል፣ ይጻፋል፣ ከዚያ ይጣላል።

ባለቤቴ «ልጣጩም ይቆጠራል?» አለኝ።

«ይቆጠራል» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው አንድ ላይ አትደባልቂው። ድምሩ ብቻውን ምንም አይነግርሽም» አለ። እውነቱን ነው። በአራት ከፈልነው፦ ሰሃን ላይ የተረፈ፣ ፍሪጅ ውስጥ ቆይቶ የተበላሸ፣ መሬትና ልብስ ላይ የወደቀ፣ ልጣጭና ግንድ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ነገር አልቀይርም። እንደለመድኩት አበስላለሁ፣ እንደለመድኩት አቀርባለሁ። መነሻውን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቀን 3

ጠዋት የአጃ ገንፎ ሠራሁለት። ወፈር አድርጌ ነው የሠራሁት። ሦስት ማንኪያ በልቶ ፊቱን አዞረ። ሰሃኑ ውስጥ ግን ገና ብዙ አለ። መጣሉ ስላሳሳኝ ክድን አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ ሳወጣው ውሃ ሆኗል። ጠዋት ማንኪያ ያቆም የነበረው ገንፎ ልክ እንደ ሾርባ ይፈሳል።

ድስቱ ውስጥ የቀረውን አየሁት። እሱ እንደወፈረ ነው። ያው ገንፎ፣ ያው ፍሪጅ፣ ያው ሰዓት። የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰሃኑን ማንኪያ ነክቶታል፣ የድስቱን አልነካውም።

ምክንያቱ ምራቅ ነው። ምራቅ ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ሥራው ገንፎን የሚያወፍረውን ስታርች መሰባበር ነው። ማንኪያው ከልጁ አፍ ወደ ሰሃኑ በተመላለሰ ቁጥር ምራቁ ምግቡ ውስጥ ይገባል። ገንፎው ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦም እየተፈጨ ነበር ማለት ነው። ምራቁ ይዞት የሚገባው ደግሞ ኢንዛይም ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያም አለበት። ማንኪያ የነካው የሕፃን ምግብ ለሌላ ጊዜ አይቀመጥም የሚባለው ለዚህ ነው። ምክሩን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በዓይኔ ያየሁት ግን ዛሬ ነው። ገንፎውን ደፋሁት፤ 140 ግራም።

ቀን 7

የሳምንቱ ድምር 1,240 ግራም ሆነ። ሰሃን ላይ የተረፈው 610፣ ፍሪጅ ውስጥ የተበላሸው 420፣ የወደቀው 90፣ ልጣጩ 120።

ማሙሽ በሳምንቱ የበላውን ሳሰላው ደግሞ 500 ግራም አይሞላም። ለአንድ ልጅ ከበላው ከእጥፍ በላይ ጥለናል።

ምግብ ሲባክን ብዙ ጊዜ የምናስበው ሆቴልን፣ ገበያን፣ ድግስን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት ግን በ2022 በዓለም ላይ ከባከነው 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ 60 በመቶው የባከነው በየሰው ቤት ውስጥ ነው። ይህን ቁጥር ሳነብ የኛ ዕቃ ትዝ አለኝ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንደዚህ ያሉ ትናንሽ ዕቃዎች ናቸው ተደምረው እዚያ የደረሱት።

በጣም ያስገረመኝ ግን የወደቀው ምግብ ነው። ልጁ ሲበላ ወንበሩም አንገቱም ፀጉሩም በምግብ ይለወሳል። «ልጅ ምግብ ያባክናል» የምንለው ያንን እያየን ነው። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ግን 90 ግራም ብቻ። አንድ ኪሎ ከ30 ግራሙ እኔ ያበዛሁትና እኔ የረሳሁት ነው።

ቀን 8

ከሰሃኑ ጀመርኩ። አሁን ሁለት ዕቃና ሁለት ማንኪያ አለኝ። ምግቡ ያለው ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ነው፤ እሱን የሚነካው ንጹሕ ማንኪያ ብቻ ነው። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ወደ ማሙሽ ሰሃን እቀንሳለሁ። እሱን ጨርሶ አፉን ከከፈተ ሌላ እጨምራለሁ። ፊቱን ካዞረ የሚጣለው ያቺ አንድ ማንኪያ ናት። ዕቃው ውስጥ ያለው ንጹሕ ስለሆነ ወዲያው ተከድኖ ፍሪጅ ይገባል።

ለምን ነበር ሰሃኑን የምሞላው? ትንሽ ሆኖ ሲታየኝ ልጄን የምበድለው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሒሳቡን አሰብኩት። የሕፃን ሆድ የሚይዘው በኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ማሙሽ 7 ኪሎ ተኩል ነው። 225 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው፤ አንድ ብርጭቆ እንደ ማለት። እዚያች ብርጭቆ ውስጥ የጡት ወተትም መግባት አለበት። ጡት የሚጠባ ልጅ ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ ከምግብ የሚያስፈልገው በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ሲጀምር በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል። ቀስ እያለ ወደ ግማሽ ኩባያ ይደርሳል። ለካ እኔ የምሞላው ሰሃን ለሦስት ልጅ ይበቃ ነበር።

ሆዱ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ የምንሰጠውም መመረጥ አለበት። ልጅ ሲወለድ ይዞት የመጣው የአይረን ክምችት ወደ 6 ወር ሲጠጋ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የጡት ወተት ደግሞ አይረን ብዙ የለውም። ስለዚህ ከካሮትና ከሙዝ በፊት ስለ ምስር፣ ስለ እንቁላልና ስለ ሥጋ ነው ማሰብ ያለብኝ።

ቀን 12

እማዬ ልትጠይቀን መጣች። ፍሪጁን ከፍታ ትንሽ ዝም አለች። ውስጡ ዱባ፣ ካሮት፣ ድንች፣ ምስርና ፖም በየዕቃው ተደርድረዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ የማነው?» አለችኝ።

«የማሙሽ ነዋ እማዬ። እንዲለምድ ብዬ ዓይነቱን አበዛሁለት።»

«ዓይነት ማብዛቱ ጥሩ። ግን ሁሉንም ዛሬ ይለምደዋል?»

መልስ አልነበረኝም። አዲስ ምግብ ስናስጀምረው አለርጂ ቢመጣ በየትኛው እንደሆነ ለመለየት አንድ በአንድ ነው የምንሰጠው። በየመሃሉም ሁለት ሦስት ቀን እንጠብቃለን። እኔ ግን በአንድ እሑድ አምስቱንም እቀቅላለሁ። ሁለተኛው ተራ እስኪደርሰው ሦስተኛው ይበላሻል። ተፈጭቶ ፍሪጅ የገባ አትክልትና ፍራፍሬ ከሁለት ቀን በላይ አላቆየውም። ሥጋና እንቁላል ያለበትን ደግሞ አንድ ቀን ብቻ። ስለዚህ አምስት ዓይነት መቀቀል ማለት ሦስቱን ለመጣል መቀቀል ማለት ነው።

ቀን 14

የሁለተኛው ሳምንት ድምር 730 ግራም። ሰሃን 150፣ ፍሪጅ 390፣ የወደቀ 80፣ ልጣጭ 110። ሰሃኑ ከ610 ወደ 150 ወርዷል፤ ለዚያውም በአንድ ተጨማሪ ማንኪያ ብቻ! ፍሪጁ ግን ያው ነው። እማዬ ትክክል ነበረች።

ቀን 15

ዛሬ የፍሪዘር ቀን ነው። ይህን በደንብ እጽፈዋለሁ፤ ከሁሉም በላይ የለወጠን እሱ ነው።

ምስር ቀቀልኩ፣ ዱባ በእንፋሎት አበሰልኩ። ሁለቱንም ለየብቻ ፈጨሁ። ሲወፍርብኝ የጨመርኩት አትክልቱ የበሰለበትን ውሃ ነው፤ ውሃው ውስጥ የወጣው ንጥረ ነገር አብሮ ይመለሳል። ከዚያ ሰፋ ባለ ጠፍጣፋ ሰሃን ላይ ዘረጋሁት። በትልቅ ዕቃ ከተጠራቀመ መሃሉ ለረጅም ሰዓት ሞቅ እንዳለ ይቆያል፤ ባክቴሪያ ደግሞ የሚወደው ለብ ያለ ነገር ነው። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ እንዳይቆይ እጠነቀቃለሁ።

ሲቀዘቅዝ ክዳን ባለው የበረዶ መሥሪያ ትሪ ሞላሁት። በረዶ ሲሆን ቁርጥራጩን አውጥቼ በከረጢት አደረግሁ፤ አየሩን በደንብ አስወጣሁ። ፕላስተር ለጥፌ በማርከር የምግቡን ስምና ቀኑን ጻፍኩበት። ቀን ያልተጻፈበት ከረጢት ከአንድ ወር በኋላ የማይታወቅ ብርቱካንማ በረዶ ነው፤ ዱባ ይሁን ካሮት ማንም አይለየውም። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ድረስ ጣዕሙም ይዘቱም ደህና ይሆናል።

ፍሪዘር ባክቴሪያን አይገድልም። ባለበት ያቆመዋል እንጂ። ስለዚህ ማንኪያ የነካውን ማቀዝቀዝ ምንም አይጠቅምም፤ የሚገባው ንጹሑ ብቻ ነው።

ቀን 18

ሁለት ስህተት አገኘሁ። አንደኛው የትሪው ጉድጓድ ነው። እስከ አፉ ስሞላው አንዱ ቁራጭ 30 ግራም ይሆናል። አንድ ለማሙሽ ያንሳል፣ ሁለት ይበዛበታል። የቀለጠውን መልሼ ማቀዝቀዝ ስለማልችል ትርፉ ይጣላል። አሁን እስከ ግማሽ ብቻ እሞላዋለሁ፤ 15 ግራም። ሦስት ማውጣትም አራት ማውጣትም ይቻላል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሙሉ ልዩነቱ እዚህ ነው።

ሁለተኛው ድንች ነው። በብሌንደር ስፈጨው እንደ ሙጫ ተያያዘ። ብሌንደሩ በፍጥነት ሲመታው ስታርቹ ይፈነዳና ይጣበቃል። ማሙሽ ምላሱ ላይ ተለጥፎበት አለቀሰ። ድንችን በሹካ መጨፍለቅ ነው እንጂ መፍጨት የለም። ለፍሪዘርም አላስገባውም፤ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ እሠራለሁ።

አቮካዶ ግን በደንብ ይቀዘቅዛል። ጥቂት ሎሚ ጠብ አድርጌበት ጨፍልቄ አስገባሁት፤ ቀለሙ ብዙም አልተቀየረም። ልጣጩ የጠቆረ ሙዝም እንደዚያው።

ቁራጮቹን ማታ ወደ ፍሪጅ አወርዳለሁ፣ ጠዋት ቀልጠው ይጠብቁኛል። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አላቀልጥም። ከዚያ እንፋሎት እስኪወጣው አሞቀዋለሁ፣ አማስለዋለሁ፣ አበርደዋለሁ፣ ሙቀቱን በእጄ ጀርባ ሞክሬ እሰጠዋለሁ። በማይክሮዌቭ ካሞቅሁት ማማሰሉ ግዴታ ነው፤ ዳሩ ቀዝቃዛ ሆኖ መሃሉ ሊያቃጥል ይችላል። የሚሞቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ቀን 21

400 ግራም። ሰሃን 140፣ ፍሪጅ 70፣ የወደቀ 90፣ ልጣጭ 100። ከመነሻው አንድ ሦስተኛ ያህል። ባለቤቴ ወረቀቱን ፍሪጁ በር ላይ ለጠፈው።

ቀን 26

ዛሬ ከፍቶኛል። የፍሪዘሩ በር ሌሊቱን በደንብ ሳይዘጋ አድሯል። አንድ ከረጢት ጠርዙ መሃል ገብቶ ነው። ጠዋት ስደርስ የላይኛው መደርደሪያ ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ለብ ብሏል። ታችኛው ገና በረዶ አለው።

ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁት። የሦስት ሰዓት ሥራዬ ነው። ምስሩ ምንም ሽታ የለውም፤ «ደህና ነው እኮ» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ግን ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ሁልጊዜ ሽታ የለውም። በስንት ሰዓት እንደቀለጠም አላውቅም። ሕፃን ደግሞ ተቅማጥ ሲይዘው ውሃው ቶሎ ነው የሚያልቀው። የላይኛውን 380 ግራም በሙሉ ጣልሁ። በረዶው ያልለቀቀውን መለስኩት።

ይህን መዝገብ የያዝኩት ምግብ ላለመጣል ነው። የተጠራጠርኩትን ግን ያለ ማመንታት እጥላለሁ። ብክነት መቀነስ ማለት ለልጄ አጠራጣሪ ነገር ማብላት እንዳይሆን ለራሴ ዛሬ ጻፍኩት።

ቀን 28

እስካሁን የማሙሽን ምግብ ለብቻ ነበር የማበስለው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከኛ ድስት ይወጣል። ዘዴው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አትክልቱ፣ ሥጋው ወይም ምስሩ ከበሰለ በኋላ፣ ጨውና ቅመም ከመግባቱ በፊት፣ የሱን ድርሻ እቀንሳለሁ። ከዚያ የኛ ይጨው። እሱ ያልፈለገውን ንጹሕ ድርሻ ደግሞ መልሼ ወደ ድስቱ እጨምረዋለሁ። እንዲህ ሲሆን ትርፍ የሚባል ነገር የለም፤ የቤቱ ምሳ ነው።

ጨውና ስኳር አልጨምርለትም። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ጨርሶ አይነካም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ ሕመም የሚያመጣ ተህዋስ ሊኖርበት ስለሚችል ነው፤ ማብሰልም አያጠፋውም። ስለዚህ የኛ ምግብ ማር ወይም ስኳር ካለበት የሱን ድርሻ አላወጣም።

ቀን 33

ይህን መጻፍ ከብዶኛል። ግን የዚህ ማስታወሻ ዋናው ገጽ ይህ ነው ብዬ አስባለሁ።

ከቀን 29 ጀምሮ ሰሃኑ ላይ የሚተርፈው በጣም ቀንሶ ነበር። አንድ ቀን 4 ግራም፣ አንድ ቀን 2 ግራም። ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ምሳ ሰዓት ማሙሽ አፉን ገጥሞ ራሱን ወደ ጎን አዞረ። ሰሃኑ ላይ የቀረችው አንድ ማንኪያ ናት። «አንዲት ብቻ፣ የመጨረሻ» አልኩት። ማንኪያውን በከንፈሩ ጥግ አስገባሁ። ዋጠው። ከዚያ ዓይኔን እያየ አለቀሰ።

ባለቤቴ ከበሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ቀስ ብሎ «እሱ ርቦት ነው ወይስ ሚዛኑ ርቦት?» አለኝ።

ተቀመጥኩ። ማሙሽን አቅፌ ብዙ ቆየሁ። ለአምስት ቀን ያህል «ዜሮ» ለመጻፍ ብዬ የልጄን ሆድ እንደ መጣያ ዕቃ ስጠቀምበት ነበር። አፍ መግጠም፣ ፊት ማዞር፣ ማንኪያ መግፋት፣ ወደ ኋላ መለጠጥ፤ እነዚህ «ጠግቤያለሁ» የሚልባቸው ቃላቱ ናቸው። ሌላ ቃል የለውም። ያንን ካልሰማሁት ጥጋቡን ራሱ መስማት ያቆማል፤ የምግብ ሰዓትም ይጠላል። ምን ያህል እንደሚቀርብለት የምወስነው እኔ ነኝ። ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው እሱ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ሰሃን ላይ የሚቀረው ዜሮ እንዲሆን አልፈልግም። አንድ ማንኪያ ሁልጊዜ ይቅር። ያቺ ማንኪያ «በቃኝ» ያለበት ማስረጃ ናት።

ቀን 37

ብሮኮሊን ለአራተኛ ጊዜ ተፋው። መጀመሪያ «አይወደውም» ብዬ የቀረውን ሁሉ ልተወው ነበር። ግን ሕፃን አዲስ ጣዕም እስኪቀበል ስምንትም አሥርም ጊዜ፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት ጊዜም መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ፊቱን ማጨማደዱ እንግዳ ሆኖበት እንጂ ጠልቶት ላይሆን ይችላል።

አሥር ጊዜ መሞከር በሙሉ ሰሃን ከሆነ አሥር ሰሃን መጣል ነው። ባለ 15 ግራሙ ቁራጭ እዚህ ጠቀመኝ። አንዷን አሞቃለሁ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሚወደው ምስር ጎን አቀርብለታለሁ። ከፈለገ ይቀምሳል፣ ካልፈለገ እተወዋለሁ። የቀረው ንጹሕ ቁራጭ የኛ ሾርባ ውስጥ ይገባል። በሦስተኛው ቀን እንደገና። ግንዱንም አልጥለውም፤ የውጭውን ጠንካራ ልጣጭ ካነሳሁለት ውስጡ ከአበባው ይልቅ ለስላሳ ነው።

ልጣጩ ሁሉ አሁን አልፎ አልፎ ነው የሚወጣው። ካሮትን በደንብ አጥቤ ከነልጣጩ አበስላለሁ። ስኳር ድንችን ከነልጣጩ ጋግሬ በማንኪያ እፍቀዋለሁ። የቀረው ለአበባ ማሰሮዎቹ ኮምፖስት ይሆናል።

ቀን 43

በእጁ መብላት ጀምሯል! ሰባት ወር ከሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው። የበሰለ ካሮትና ዱባ በጣት ርዝመት እቆርጥለታለሁ። በሁለት ጣቴ ስጫነው መጨፍለቅ አለበት፤ ካልተጨፈለቀ ገና ነው። ጥሬ ካሮት፣ ያልተሰነጠቀ ወይን፣ ለውዝ እንዳለ፤ እነዚህ ያንቃሉ፤ ጠረጴዛው ላይ አይቀርቡም። ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ሁልጊዜ አጠገቡ ሆኜ። ትን ሲለው መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ድምፅ እያወጣ የሚያስል ከሆነ ራሱ እያስተካከለው ነው። የሚያስፈራው ድምፅ ሲጠፋ ነው።

እንደተጠበቀው የወደቀው ምግብ አሻቀበ። ከ90 ወደ 340። ሁለት ነገር አደረግሁ። ወንበሩ ሥር ንጹሕ የፕላስቲክ ምንጣፍ አነጠፍኩ፤ አንገቱ ላይ የማስርለት ጨርቅም ከታች ኪስ ያለው ሆነ። ሁለተኛው፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ቁራጭ ብቻ አስቀምጥለታለሁ። አምስት ሳስቀምጥለት በእጁ ጠርጎ ይጥላቸዋል፤ ሁለት ሲሆኑ ያነሳቸዋል። አፉ ያልነካውን፣ ኪሱ ውስጥ የወደቀውን ወዲያው መልሼ እሰጠዋለሁ። አፉን ነክቶ ምንጣፍ ላይ ያደረው ግን ይጣላል።

ይህንን 340 ግራም ግን እንደ ብክነት ማየት ትቻለሁ። እጽፈዋለሁ፣ ለብቻው። ጨምቆ፣ ፊቱን ቀብቶ፣ ጥሎ ነው ምግብን የሚያውቀው።

ቀን 47

ስለ ሩዝ አንድ ነገር። ለሁለት ቀን የሚሆን ሩዝ ቀቅዬ ድስቱን ምድጃው ላይ ረሳሁት። ማታ ሳገኘው ብዙ ሰዓት ሆኖታል። ጣልሁት። ሩዝ ውስጥ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ይገኛል። የባክቴሪያው ዘር ሩዙ ሲቀቀል አይሞትም፤ ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይነቃና መርዝ ያመርታል። መርዙን ደግሞ መልሶ ማሞቅ አያጠፋውም። ሩዝ ከበሰለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይግባ፤ በማግስቱ ይለቅ። አሁን ለሱ የሚሆነውን ከኛ ድስት ላይ ትኩሱን ብቻ እቀንሳለሁ።

ቀን 50

ፍሪዘር ውስጥ ቀኑ የቀረበ የታለበ ጡት ወተት አገኘሁ። አቅልጬ ገንፎውንና ድንቹን በእሱ አቀጠንኩለት። የቀለጠ ወተት ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ በ24 ሰዓት ማለቅ አለበት። ጣዕሙን ስለሚያውቀው ብሮኮሊውንም በዚያው ዋጠው። ዘጠነኛ ሙከራችን ነበር።

ቀን 56

የስምንተኛው ሳምንት ድምር 420 ግራም። ሰሃን 70፣ ፍሪጅ ዜሮ፣ የወደቀ 290፣ ልጣጭ 60። ማሙሽ አሁን በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል፤ በሳምንቱ የበላው 1,900 ግራም ገደማ ደርሷል። በመጀመሪያው ሳምንት ከበላው ከእጥፍ በላይ ጥለን ነበር።

ሚዛኑን ወደ ቦታው መለስኩት። ሁለቱ ዕቃና ሁለቱ ማንኪያ ግን ጠረጴዛው ላይ ናቸው። የሚቀጥለው ሳምንት ዓሣ እንጀምራለን፤ አሥር ትናንሽ ቁራጭ ብቻ አዘጋጅቻለሁ።

ማታ ሰሃኑ ላይ አንድ ማንኪያ ዱባ ቀረ። ማሙሽ አየኝ፣ አፉን ገጠመ፣ ፊቱን አዞረ። «እሺ የኔ ጌታ» አልኩትና ሰሃኑን አነሳሁለት።